ከድልድዩ ወዲህ

ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ከቅዳሴ ተመልሼ፣ አሳንሰሩ ዛሬም ተበላሽቶ አምስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ፣ ገና ነጠላዬን ሳላጥፍ ስመኝን ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር ፊቷን እንዲህ ሆኖ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ልጃችን ብሥራት ወድቋል። የአንድ ሆቴል አየር ማቀዝቀዣ ሊጠግን ጣራ ሲወጣ መሰላሉ ከድቶት ወገቡ ተጎድቷል። እዚያው በሚኖርባት ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

«ይነሡ፣ እንሂድ» አለችኝ።

መልሱን ታውቀዋለች።

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የሚያነብ ቢኖር ፍርዱን እንዳያጣምም ነገሩን ከመሠረቱ ልጻፍ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ አያቴም ቄስ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን አምስት ትውልድ በስም እቆጥራለሁ። እኔ ራሴ በሰባት ዓመቴ ከቤት ወጥቼ፣ ዜማና ቅኔ ተምሬ መሪጌታ ተብያለሁ። ብሥራትን ፊደል ያስቆጠርሁት፣ ዳዊት ያስደገምሁት፣ ለዲቁና ያበቃሁት እኔ ነኝ። እርሱ ግን ከአራት ዓመት በፊት ፖርት ሃርላን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሥራ ይዞ፣ አግብታ የፈታች መዓዛ የምትባል ሴት በማዘጋጃ ቤት ውል አገባ። እንዲህ ያደረገ ዲያቆን ክህነቱ በዚያው ያበቃል። ሳያውቅ አይደለም ያደረገው፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። ከየብስ የሚያገናኛት አንድ ረጅም ድልድይ ነው፤ ሩት 590 የሚሉት አውራ ጎዳናም ከድልድዩ እግር ሥር ያልቃል። «መጨረሻ» የሚል ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ተተክሎበታል። ያን ጊዜ ከስመኝ ጋር ልመክረው ብሄድ ድልድዩን ተሻግሮ ሊቀበለኝ መጣ። መከርሁት። «አባባ፣ ሚስቴ ናት» አለኝ። በዚያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ በቅዱስ ሚካኤል ስም ማልሁ፤ «ይህ መንገድ ከሚያልቅበት ወዲያ እግሬ አይሻገርም። አንተም ደጄን አትረግጥም።» ስመኝ፣ «ሰው በመንገድ ይምላል?» ብላ ሻንጣዋን አንሥታ ብቻዋን ተሻገረች። እኔ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስሁ።

የልጅ ልጄ ሶሊ በዓመቱ ተወለደች። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። አላየኋትም።

ሰኔ ፲፬፣ ቅዳሜ

ስመኝን ከምንኖርባት ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሸኘኋት። በበጋቸው ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ወደ ባሕር የሚወርድ አውቶቡስ አለ። ሾፌሩ ጸጋዬ የስፕሪንግፊልድ ነዋሪ፣ የደብራችን ምእመን ነው። ልቡ ደግ ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። መንገደኛው በጠዋቱ ጉልበቱን አራቁቶ፣ የሚነፋ ጎማ ታቅፎ ተሰልፏል። ስመኝ በነጠላዋ ተሸፍና ከመካከላቸው ቆማለች። ማንም ቦታ አልለቀቀላትም።

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?» አለ ጸጋዬ። «ሲትዎን ይዤልዎታለሁ፤ ያው እንደ ዓመቱ።»

«ዘንድሮ አልሄድም።»

«እንዴ! ልጁ ወድቆ? ዶክተሩ የባሕር አየሩን ይተዉት አልዎት?»

እውነቱ ይጻፍ። በየዓመቱ ከሰኔ ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ሐኪም ባዘዘልኝ መሠረት፣ እስከ ድልድዩ እግር ድረስ ከእርሱ ጋር እሄዳለሁ። አውቶቡሱ እስኪመለስ እዚያ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ። ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። ዘንድሮ የቀረሁት ስመኝ አብራ ስላለች ነው። እኔ ወርጄ እርሷ ስትሻገር ቆሜ ማየት አልፈለግሁም።

ጸጋዬ በሩን ሊዘጋ ሲል ዞሮ እንዲህ አለኝ። «ሰሙ ግን? ያቺ ኤንድ የምትለዋ ሰሌዳ ልትነሣ ነው አሉ። ወይ መንገዱን ያስረዝሙታል፣ ወይ ያሳጥሩታል። ሚቲንግ አላቸው በሐምሌ።»

«ለእኔ ምን ይረባኛል?» አልሁት።

«አይ፣ እንዲያው ነገሩን ነው» አለና ሳቀ።

ሰኔ ፲፯

ቀዶ ጥገናው ለነገ ጠዋት ተቀጠረ። ሽሮ አረረብኝ። ድስቱን ነክሬዋለሁ። አሳንሰሩ አልተሠራም።

ሰኔ ፲፰

ስድስት ሰዓት ፈጀ። በሕይወት አለ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

ያረረውን ድስት ሁለት ጊዜ ፈተግሁት፤ አልለቀቀም።

ሰኔ ፳፩፣ ቅዳሜ

ሲልቨር ስፕሪንግ ፊደል የማስቆጥራቸውን ሕፃናት አስተምሬ ስጨርስ በዚያ አካባቢ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። መግባቴ ጥላ ፍለጋ ነበር። ከገባሁ ዘንዳ ብዬ የባሕር ዳር ከተሞችን የቆዩ የመንገድ ካርታዎች እንድታሳየኝ አንዲቱን ሠራተኛ ጠየቅኋት። ደግ ሴት ናት። አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሙሉ ዘረጋችልኝ።

የሩት 590 መጨረሻ ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። መጀመሪያ ድልድይ ሳይኖር በየብስ በኩል ካለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ ያልቅ ነበር። የእንጨት ድልድይ ሲሠራ ተሻግሮ ዓሣ ገበያው ዘንድ አለቀ። ድልድዩን ማዕበል ሲወስደው ወደ ኋላ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ አለቀ። የዛሬው ድልድይ ሲሠራ ደግሞ ከእግሩ ሥር። በየካርታው ቀይዋ መስመር አንድ ጊዜ ትረዝማለች፣ አንድ ጊዜ ታጥራለች።

በአገራችን መንገድ የሚያልቀው ወንዝ ሲያግደው ወይም ገደል ሲገጥመው ነው። ሰው በድንጋይ፣ በዛፍ፣ በደብር ቢምል ነገሩ ካለበት አይሄድም። እዚህ ግን የመንገድን መጨረሻ ጥቂት ሰዎች እጃቸውን አውጥተው ይወስኑታል። ይህን ሳልመረምር ማልሁ። አንድን ተማሪ ከዚህ ባነሰ ጥፋት አስነሥቼ አቁሜ አውቃለሁ።

ቃሌን እንደ ተማርሁት አድርጌ ተረጎምሁት። «ይህ መንገድ ከሚያልቅበት ወዲያ።» አንድም ሰሌዳው የቆመበት ስፍራ ነው። አንድም መንገዱ ሄዶ የሚያልቅበት ነው፤ በረዘመ ይረዝማል፣ ባጠረ ያጥራል። ሁለተኛው ከቃሉ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ሁለተኛውን የመረጥሁት ለቃሉ ስል ብቻ ነው።

ሠራተኛዋ እንደ ነገረችኝ አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው መንገዱን ድልድዩን አሻግሮ እስከ ባሕሩ ዳር ጎዳና ማድረስ ነው። ብሥራት የሚኖረው አራተኛው ጎዳና ላይ ስለሆነ ቤቱ ከመጨረሻው ወዲህ ይውላል። ሁለተኛው ሐሳብ አምስት ማይል ወደ ኋላ መልሶ ከአንድ አደባባይ ላይ መቁረጥ ነው።

ካርታውን ሠራተኛዋ መልሳ አጠፈችው። ጣቴን አራተኛው ጎዳና ላይ አድርጌ ኖሮ እስካነሣ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሰኔ ፳፬

ስመኝ ደወለች። ሆስፒታሉ አጠገብ መዓዛ ጋር ታድራለች። «ሌት ተቀን አትተኛም፤ እኔን ደግሞ ተኚ ትለኛለች» አለችኝ። ስለዚያች ሴት ስትነግረኝ ዝም እላለሁ፤ ልማዴ ነው።

ከዚያ ስልኩን አንድ ሌላ ሰው ነጠቃት። ትንፋሽ ሰማሁ፤ ቀጥሎም፣ «ሄሎ? ማነው እዛ? ሁ ኢዝ ኢት?»

ስልኩን አልዘጋሁትም። ስመኝ የመድኃኒቱን ስም እንድትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር።

«ግራንማ፣ ኖባዲ ነው» አለች ልጅቱ።

ሐምሌ ፭

ለመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። አውራ ጎዳናው እስከ ባሕሩ ዳር ቢደርስ ለአረጋውያን መንገደኞች የሚሰጠውን ጥቅም በአራት አንቀጽ አስረዳሁ። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ሰበብ ነው። አምሳ ዓመት ያህል፣ ግቡን የደበቀ ቃል ውሸት ነው እያልሁ አስተምሬ፣ ዛሬ ቴምብር ለጥፌ ላክሁት።

እግሩ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

ሐምሌ ፲፭፣ ማክሰኞ

ስብሰባው ዛሬ ተደረገ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ከትንሽ ክፍል አስገብታኝ ኮምፒዩተሩን ከፍታ ከስብሰባው ጋር አገናኘችኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። አንዲት ዓሣ ነጋዴ ሴት መንገዱ ይሻገርልን ብላ አለቀሰች። አንድ ሰውዬ ትልልቁ መኪና ሁሉ ከተማችን ሊገባብን ነው ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ስሜን አዛብተው ጠሩኝ።

ስለ አረጋውያን መንገደኞች ያዘጋጀሁትን አንድ ደቂቃ ያህል ተናገርሁ። ሰብሳቢዋ አቋረጠችኝ፤ በትሕትና ነው ያቋረጠችኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የከተማችን ነዋሪ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ እርስዎን የሚነካዎ በምን በኩል ነው?»

የመለስሁት ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። እዚህ መድገም አያስፈልግም። አንድ ደቂቃ ሲቀረኝ ጨረስሁ። ሰብሳቢዋም ቀጣዩን ስም ጠራች።

ስመኝ ወደ ማታ ደወለች። ምን እንደ በላሁ ጠየቀችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ድምፅዎ ጥሩ ነበር» አለች።

የት እንደ ሰማችው አልጠየቅኋትም።

ሐምሌ ፲፱፣ ቅዳሜ

ጸጋዬ የስመኝን ደብዳቤና ሳታውቅ ይዛው የሄደችውን የሣጥን ቁልፍ ይዞልኝ መጣ። አውቶቡሱ ባዶ ነበር፤ ቁጭ ይበሉ አለኝ።

«አይቶዎታል እኮ» አለ።

«ማን?»

«ብሥራት ነዋ! ሚቲንጉን ላይቭ ነው የሚያስተላልፉት። ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አድርጎ እያየ ሳለ የእርስዎ ፊት ብቅ። ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ ነበርኩ መሪጌታ፣ አልዋሽዎትም። 'ፎርዝ ስትሪት ላይ ልጅ አለኝ። መንገዳችሁ እስከ እሱ ድረስ ቢሄድልኝ ምን አለበት' ሲሉ…»

«ይበቃል።»

«…ነርሷ መጥታ ምን ሆነሃል አለችው።»

«ጸጋዬ፣ ይበቃል አልሁ።»

ወረድሁ። እስከ ባቡሩ ጣቢያ በእግሬ ሄድሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር በማንም ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ለአናዛዤም እንኳ።

ነሐሴ ፩

ጾመ ፍልሰታ ገባ።

ዛሬ የግራ እግሩ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ስመኝ እያለቀሰች ነገረችኝ። «አየሁት፣ መሪጌታ፣ በዓይኔ አየሁት፤ መዓዛም አየች።» አርባ አንድ ስግደት ሰገድሁ። ጉልበቴ አመመኝ። እንኳን አመመኝ።

ነሐሴ ፯

ቀሲስ መስፍን ዘንድ ሄድሁ። ንስሐ አባቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግን ተማሪዬ ነበሩ፣ ቀለም የሚይዙ፣ ድምፃቸው ግን የማያምር። መንገዱ ቢረዝም መሐላዬ አብሮ ይረዝማል ወይስ አይረዝምም ብዬ ጠየቅኋቸው። ካርታውንም ኮፒ አድርጌ ይዤላቸው ነበር።

ካርታውን አላዩትም።

«የኔታ፣ እንዲህ ያለ መሐላ የማለ ሰው ሊፈታው ቢመጣ ቀኖናው ስንት ነው?»

«እንደ አናዛዡ ነው።»

«እርስዎ ቢሆኑ ስንት ይሰጡት ነበር?»

«ሰባት ቀን ጾምና ስግደት።»

«ሰባት ቀን» አሉ። «እርስዎ ግን አራት ዓመት ቆዩ። ለምን አልመጡም?»

«ቃል የሚከበር ነገር ስለሆነ ነው።»

«ወይስ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ይፍታኝ ብለው ነው፣ የኔታ? እነሱ ሲፈቱት ይቅርታ መጠየቅ የለም።»

ካርታዬን አጥፌ ተነሣሁ። ለአስተማሪ እንዲህ አይባልም። ባቡር ውስጥ ሆኜ የምመልስላቸውን ቃል ሳዘጋጅ ሳዘጋጅ ፌርማታዬን አለፍሁት። ክሪስታል ሲቲ ከሚባለው ጣቢያ ወርጄ መመለስ ሲገባኝ እስከ ወንዙ ማዶ ሄጃለሁ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ለእርሳቸው ሳይሆን ለእርሳቸው ጥያቄ ማምለጫ ነበር።

ነሐሴ ፲፮

ጾሙ ተፈታ። ብቻዬን ገደፍሁ። ብሥራት ቀና ብሎ ተቀምጧል።

ነሐሴ ፳፬

ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል። መንገዱ ይቆረጣል። መጨረሻው አምስት ማይል ወደ ኋላ ተመልሶ ከአደባባዩ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ እስከ ድልድዩ ያለው የከተማዋ ንብረት ይሆናል። በዓመታችን መጨረሻ ሳምንት ሥራው ይፈጸማል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛውን ትርጓሜ በገዛ እጄ መርጫለሁ። እንግዲህ እስከ ድልድዩ እግር፣ እስከዚያች አግዳሚ ወንበርም ቢሆን አልደርስም ማለት ነው።

አሳንሰሩ ሁለት ቀን ሠርቶ ዛሬ ደግሞ ቆመ።

ነሐሴ ፳፰

ብሥራት ቤቱ ገብቷል። በብረት መደገፊያ ተይዞ ዐሥራ አንድ እርምጃ ተራመደ። ዐሥራ አንድ።

ጳጉሜን ፪፣ እሑድ

ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ስመኝ ደወለች።

«ጠየቀኝ» አለች።

«ምን ብሎ?»

«ይምጣ አላለም፤ እንዳይመስልዎ። 'ሊፍቱ ተሠራ ወይ? አባባ ያንን ሁሉ ደረጃ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት ነው የሚወጡት?' ብሎ ነው የጠየቀኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ አልነግርዎትም ነበር። ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁሉ ጠየቀኝ። ባልወድቅ ኖሮ ሄጄ እሠራላቸው ነበር፣ ብቻ ደጃቸውን አልረግጥም አለኝ።»

በቅዳሴው ላይ ሁለት ጊዜ ዜማ ስቻለሁ። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።

ሲያበቃ ጸጋዬን ከመኪና ማቆሚያው ያዝሁት። ነገ ወደ ባሕሩ የሚሄድ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የባሕር አየር?» አለ።

«አይደለም።»

ዐይን ዐይኔን አየኝ። ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቀረ። «ኦፍ ነኝ ነገ፣ ሥራ አልገባም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በርዎ ላይ ነኝ» አለኝ።

የምሄደው እስከ አዲሱ መጨረሻ ነው። ስመኝ ሕፃኗን ይዛልኝ እዚያ ትመጣለች። ከዚያ አላልፍም።

ጳጉሜን ፫፣ ሰኞ። ሩፋኤል

ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አደባባዩ ዘንድ ስንደርስ ከቀጠሯችን ቀድመን ስለ ነበር ስመኝ ገና አልመጣችም፤ ምንም ሰሌዳም የለም። ጸጋዬ ሁለት ጊዜ ዞረው። «የት ነው የሚያልቀው?» እያልሁ በመስኮት አያለሁ። ሳናገኘው እስከ ድልድዩ እግር ሄድን። እዚያም የለም። የቆመበት ስፍራ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጥቁር አፈር ዙሪያውን ተከምሯል። አሮጌው ሰሌዳ በሠራተኞች መኪና ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ሳየው እንዴት ትንሽ ነው! ሁለት ክንድ አይሞላም።

ከመኪናው ወርጄ አካፋ የያዘውን ሽማግሌ ሠራተኛ መንገዱ የት እንደሚያልቅ ጠየቅሁት።

«ዛሬ?» ብሎ ሳቀ። «ዛሬማ የትም አያልቅም። አዲሱን የምንተክለው እሮብ ነው።»

ጸጋዬ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «መሪጌታ! ሰሙት? የትም አያልቅም! እስከ እሮብ መጨረሻ የለውም ማለት እኮ ነው! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ሳይተክሉት!»

ደስ አለኝ። አልክደውም፤ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ቃሌ እንደ ቃሉ ይፈቅድልኛል። መሐላዬን ሳላፈርስ፣ አንገቴን ሳልደፋ፣ ድልድዩን በመኪና ተሻግሬ ልጄ ቤት መግባት እችላለሁ። እግሬን መኪናው ውስጥ አስገብቼ ነበር።

ከዚያ አፈርሁ። በዚያ ቀዳዳ ብገባ ልጄ ፊት የምቆመው ያልበደልሁ ሆኜ ነው። እርሱ ጥፋተኛ፣ እኔ ቃሌን የጠበቅሁ። ከአራት ዓመት በፊት እዚህ ከቆመው ሰው በምን እለያለሁ? ቀሲስ መስፍን የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። ቀለም የሚይዙ ነበሩ ብያለሁ።

እግሬን አወጣሁ። ጸጋዬን ቀድሞኝ ሄዶ ስመኝ ከቤት እንዳትወጣ እንዲነግራት አዘዝሁት። ከጉድጓዱ አፍ ቆሜ፣ ሠራተኛው እየሰማ፣ በአማርኛ እንዲህ አልሁ፤ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ የማልሁበት ስፍራ ይህ ነው፤ ሌላ አይደለም። አሁን መሐላዬን አፈርሳለሁ። ዐውቄ ነው። ቅጣቱ በእኔ ይሁን።» ሠራተኛው ባይገባውም ባርኔጣውን አወለቀ። ጉድጓዱን ተሻግሬ ድልድዩ ላይ ወጣሁ።

ከመካከሉ ስደርስ ዝናብ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ነውና ጃንጥላዬን አልዘረጋሁም፤ ተደግፌው ሄድሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይፈጅብኝ አልቀረም። መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብኛል።

በአራተኛው ጎዳና አንድ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ሕፃን በባዶ እግሯ ዝናቡን በባልዲ ትቀበላለች። ስመኝ ስለ ቀኑ ነግራታለች ማለት ነው። ልጅቱ ቀና ብላ ጢሜን አየች፣ ነጠላዬን አየች፣ ጃንጥላዬን አየች። ከዚያ ባልዲዋን ጥላ ወደ ውስጥ ጮኸች።

«ዳዲ! የድልድዩ ሰውዬ መጣ! ዘ ብሪጅ ማን!»

ያልገባኝን መዓዛ በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ። ድምፅዋን ስሰማ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ጸጋዬ በየዓመቱ ሲመጡ ይደውልልናል። ብሥራት ደጄን አትርገጥ ስላሉት ወደዚያኛው ጫፍ አይሻገርም። ሶሊን ይዞ ከወዲህኛው ጫፍ ተቀምጦ፣ አውቶቡሱ ይዞዎት እስኪሄድ ድረስ ሩቅ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ያይዎታል። 'ማነው?' ስትለው 'የድልድዩ ሰውዬ ነው' ይላታል።»

ሦስት ዓመት። እኔ በዚያኛው፣ እርሱ በዚህኛው። ጸጋዬን አየሁት፤ ወደ ባሕሩ እያየ ነበር።

ብሥራት ወጣ። ወገቡ በብረትና በጨርቅ ታስሯል፤ በሁለት እጁ መደገፊያውን ይዟል። ከስቷል። ወደ ጉልበቴ ሊያጎነብስ ሞከረ፤ እንደ ልጅነቱ ጉልበቴን ሊስም። ወገቡ እንቢ አለው። እንደገና ሞከረ። ላቡ ፊቱ ላይ ችፍ አለ።

«አልችልም፣ አባባ» አለኝ።

በዘመኔ ጉልበቴን ለመሳም ያላጎነበሰ ተማሪም ሆነ ልጅ አላሳለፍሁም። የእኔ ወገብ ግን ደህና ነው። ጃንጥላዬን ለልጅቱ አስያዝኋት፤ ከዚያ አጎነበስሁና የእርሱን ጉልበት ሳምሁ። የሚለብሰው የሆስፒታል ሱሪ የመድኃኒት ሽታ አለው። «በድያለሁ» አልሁ። ሌላ ያዘጋጀሁት ቃል ነበር፤ አልመጣልኝም።

እጁ ራሴ ላይ አረፈ። ቶሎ ቀና አላልሁም።

«አሁን ወደ ውስጥ ግቡ» አለች ስመኝ። «ጫማዎንም እዚያው ያውልቁ መሪጌታ፤ የድልድዩን ጭቃ በሙሉ ይዘውት መጥተዋል።»

መዓዛ በማስታጠቢያ ውሃ አመጣችልኝ። እጄን ዘረጋሁላት፤ አፈሰሰችልኝ። ከእጇ ፎጣውን ተቀብዬ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ» አልኋት።

ቀሲስ መስፍን ሰባት ቀን ቢሰጡኝ ዐሥራ አራት እንዲያደርጉልኝ እለምናቸዋለሁ። የመሐላዬ ሁለተኛው ግማሽ ገና ነው፤ የቤቴ ደጅ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ብሥራት ደግሞ በዚህ ወገቡ ደረጃ አይወጣም። ጸጋዬን ነገ ሲመለስ የሕንፃችንን ኃላፊ እንዲያነጋግርልኝ አዝዤዋለሁ። አሳንሰሩ ለእንቁጣጣሽ መሠራት አለበት።